«መብራት አቃጥሎታል» ተብሎ ዋስትና ሲከለከል ምን ይደረጋል?

ጠያቂ (አራት ኪሎ)

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ጥር ወር ስታዲየም አካባቢ ከሚገኝ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መሸጫ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ገዝቼ ነበር። ሱቁ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ቆርጦልኛል፤ ከዕቃውም ጋር የሱቁ ማኅተም ያረፈበትና «የአንድ ዓመት ዋስትና» የሚል ካርድ ተሰጥቶኛል። በሰኔ መጀመሪያ ላይ ዜና እየተከታተልን ሳለ ምስሉ በድንገት ጠፋ፤ ድምፁ ግን ሳይቋረጥ ቀጠለ። ነቅለን ጥቂት አቆይተን ብንሰካውም ለውጥ የለውም። ቀዩዋ መብራት ትበራለች፣ ሪሞቱን ይቀበላል፣ ድምፁ ይጨምራል ይቀንሳል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል።

ቴሌቪዥኑን ወደ ሱቁ ስወስደው ሠራተኛው ክዳኑን ሳይከፍት፣ በመሣሪያም ሳይለካ፣ «ይህ መብራት ያቃጠለው ነው፤ መብራት ያቃጠለው ደግሞ በጋራንቲ አይካተትም» አለኝ። ከካርዱ ጀርባ በእርግጥ «በኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ፣ በውሃና በመውደቅ የሚደርስ ጉዳትን አይጨምርም» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ አለ። በሰፈራችን በዚያ ሰሞን መብራት ሄድ መጣ ይል እንደነበር አልክድም (በዚህ ከተማ ይህን የሚክድ ሰው ካለ ልተዋወቀው እወዳለሁ)፤ ሆኖም ፍሪጁም ሆነ በዚያው ዲቫይደር ላይ የተሰካው ሪሲቨር አንዳች አልሆኑም። ይህን ለባለቤቱ ሳስረዳው ደግሞ ምክንያቱን ቀየረና «ሕጉ የሚፈቅደው 15 ቀን ብቻ ነው» ካለኝ በኋላ ከደረሰኙ ግርጌ የሰፈረውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» የሚለውን ቃል በጣቱ አሳየኝ። በመጨረሻም በራሴ ወጪ ካሠራሁት የእጅ ዋጋ ሊቀንስልኝ እንደሚችል ነገረኝ።

ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው፦ የአንድ ዓመት ዋስትና የጻፈ ሱቅ በ15 ቀን ሕግ ሊከላከለኝ ይችላል ወይ? ጉዳቱ የደረሰው በመብራት ነው ሲል የማስረዳት ግዴታው የማን ነው? አቤቱታስ የሚቀርበው የት ነው? ሕግ የሚያውቅም ሆነ የጥገና ሙያ ያለው ሰው ቢያብራራልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የሜክሲኮው

ወንድሜ፣ ምክሬ የሚያስደስትዎ አይሆንም፤ ቢሆንም በግልጽ ልንገርዎት። ለዚህ ጉዳይ ወረዳ ወጥቶ ወርዶ፣ ከሥራ ቀርቶ፣ የታክሲውንና የኮፒውን ወጪ ሲያሰሉት የጥገናው ዋጋ ሊያንስ ይችላል። ሱቁም የሚተማመነው በዚሁ ነው። እኔ ብሆን ባለቤቱ እቀንሳለሁ ያለውን የእጅ ዋጋ ይዤ ተደራድሬ አሠራው ነበር። መብት የለዎትም ማለቴ አይደለም።

ጠበቃ

ከላይ የተሰጠው ምክር እንደ ስሌት ስሕተት የለውም፤ ነገር ግን ጠያቂያችን ገና አንድም ወረቀት ሳይጽፉ የተሸነፉ ያህል ተቆጥሮባቸዋል። ሱቁ ያቀረባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ጋር ስለማይገናኝ ለየብቻ ማየት ይገባል።

የ15 ቀኑ ነገር መነሻው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። አዋጁ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት ለመጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ይህን የሚለው ግን ለሸማቹ የተሻለ ጥቅም የሚሰጥ ዋስትና፣ ውል ወይም ሕግ ካለ እርሱ እንደተጠበቀ ሆኖ ነው። የሱቁ ባለቤት የድንጋጌውን ግማሽ ይዞ ግማሹን ዘልሎታል። አሥራ አምስቱ ቀን ሸማቹ ያለ ብዙ ክርክር «ለውጥልኝ ወይም ገንዘቤን መልስልኝ» የሚልበት ጊዜ ሲሆን፣ ሱቁ በራሱ ፈቃድ ጽፎና አትሞ የሰጠው የአንድ ዓመት ዋስትና ደግሞ ራሱን የቻለ ግዴታ ነው። እርስዎ የሚጠይቁት በዚህኛው መሠረት ነው።

ከዚህም ሌላ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ስላለበት ኃላፊነት በዝርዝር ይናገራል። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ዕቃ ለተለመደው አገልግሎት ወይም በውሉ ለታሰበው ጥቅም የሚያስፈልገው ጠባይ ከሌለው ጉድለት አለበት ይባላል፤ ስድስት ወር ያልሞላው ምስል አልባ ቴሌቪዥን በዚህ ትርጉም ውስጥ የማይወድቅበት ምክንያት አይታየኝም። ሕጉ ከገዢው የሚፈልገው ደግሞ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ፣ የጉድለቱን ዓይነት ገልጾ ለሻጩ ማስታወቅ ነው። ክስ የሚቀርበው ማስታወቂያው ከተሰጠ በአንድ ዓመት ውስጥ ስለሆነ፣ ያስታወቁበት ቀን በጽሑፍ መያዙ ትልቅ ነገር ነው። እስካሁን ያነጋገሯቸው በቃል ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ ይጻፉ።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ቀለሙን ስላልወደደው ወይም ሌላ ቦታ በርካሽ ስላገኘው ሐሳቡን ለሚቀይር ገዢ መልስ ሊሆን ይችላል። ለተበላሸ ዕቃ ግን፣ በተለይ በዚያው ሱቅ ማኅተም ዋስትና ከተሰጠ በኋላ፣ ሁለቱን አጣምሮ ማንበብ ግድ ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ተዘጋጅቶ የቀረበ የውል ቃል አጠራጣሪ ሲሆን ደግሞ የሚተረጎመው ካዘጋጀው ወገን በተቃራኒ ነው። ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭማ በእንዲህ ያለ ሐረግ ከኃላፊነት ሊያመልጥ ፈጽሞ አይችልም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ማስረዳት ያለበት ማን ነው? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2001 መሠረት ግዴታ አለ የሚል ሰው የግዴታውን መኖር ያስረዳል፤ ግዴታው ቀርቷል ወይም ተለውጧል የሚል ደግሞ ይህኑ የማስረዳት ሸክም አለበት። እርስዎ ደረሰኙን፣ ካርዱንና የማይሠራውን ቴሌቪዥን ሲያቀርቡ ድርሻዎን ተወጥተዋል። «መብራት ነው» የሚለው ሱቁ ያነሣው መከላከያ ነው፤ ስለዚህ ሱቁ ያስረዳ። ክዳኑን ሳይከፍቱ በዓይን ብቻ የተሰጠ አስተያየት ማስረጃ ሊባል አይችልም። በመሆኑም በደብዳቤዎ ላይ፣ ዕቃው በባለሙያ ተመርምሮ ጉዳቱ ከኃይል መዋዠቅ የመጣ ስለመሆኑ የምርመራ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት በግልጽ ይጠይቁ። በተሞክሮዬ ብዙ ሱቆች አቋማቸውን የሚያለዝቡት እዚህች ነጥብ ላይ ሲደርሱ ነው፤ በቃል የሚባለውን ሁሉ ፈርሞበት ማስረከብ የሚደፍር ነጋዴ ጥቂት ነው።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ በአንደኛው ላይ «ደርሶኛል» ተብሎ ይፈረምልዎ፤ አንፈርምም ካሉ ቸርችል ጎዳና ከሚገኘው ዋናው ፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩትና የተላከበትን ወረቀት ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ መልስ ካላገኙ አቤቱታው የሚቀርበው ሱቁ የንግድ ፈቃዱን ላወጣበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ፈቃዱ በሱቁ ውስጥ በግልጽ ቦታ መሰቀል ስላለበት አድራሻውን ከዚያ ማንበብ ይችላሉ። ቀድሞ እነዚህን ጉዳዮች ይመለከት የነበረው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ተግባሩ ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ስለተዛወረ፣ በአሮጌ ጽሑፎች ላይ የሚያገኙት የባለሥልጣኑ አድራሻ እንዳያሳስትዎት። ፍርድ ቤት የመጨረሻው በር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ገጽ የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ሊጠቀሙበት ይችላሉ። አዋጁ ሸማች የሚለው ዕቃውን ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው እንጂ መልሶ ለመሸጥ ወይም ለማምረቻ የሚገዛውን አይደለም። ለድርጅቱ ማተሚያ የገዛ ሰው በዋናነት የሚደገፈው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ ይሆናል።

ጠጋኝ ከመርካቶ

ሕጉን ለጠበቃው ልተውና የማውቀውን ልናገር። ቴሌቪዥን ስጠግን ነው የምውለው። ጠያቂው የገለጹት ምልክት፣ ማለትም ድምፅ እያለ፣ ቀይ መብራት እየበራ፣ ሪሞት እየታዘዘ ምስል ብቻ የሚጠፋበት ሁኔታ፣ በአብዛኛው የባክላይት ችግር ነው። ከስክሪኑ በስተኋላ የተደረደሩ የኤልኢዲ ዘንጎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ያሉት አምፖሎች አንዱ ከአንዱ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ስትቃጠል መስመሩ በሙሉ ይቋረጣል፣ የጥበቃ ሥርዓቱም የቀሩትን ያጠፋቸዋል። ዋናው ምክንያት ሙቀት ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የባክላይታቸው ብርሃን ከፍተኛው ላይ ተስተካክሎ ስለሚመጣ፣ ገዢውም ሳይቀንሰው ስለሚጠቀምበት፣ ጥራታቸው ዝቅ ያሉ ኤልኢዲዎች ቶሎ ይደክማሉ።

ይህን ሳይከፍቱ ለማረጋገጥ የሚቻልበት ቀላል መንገድ አለ። ማታ የክፍሉን መብራት ያጥፉ፣ ቴሌቪዥኑን ያብሩ፣ በሪሞቱ ሜኑውን ያውጡ፤ ከዚያም የስልክዎን ባትሪ መብራት ወደ ስክሪኑ አስጠግተው በአግድም ያብሩበት። ብርሃኑ ባረፈበት ቦታ ላይ የሜኑው ጽሑፍ ደብዝዞ ከታየዎት ፓነሉም ሆነ ዋናው ቦርድ ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ የጠፋው ከኋላ ያለው ብርሃን ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን በስልክ በቪዲዮ ይቅረጹት፤ ድምፁም አብሮ ይሰማ።

የኃይል መዋዠቅ የመታው ቴሌቪዥን በተለምዶ የሚያሳየው ምልክት ሌላ ነው። ኃይሉ መጀመሪያ የሚያርፈው በፓወር ቦርዱ መግቢያ ላይ ስለሆነ ፊውዙ ይበጠሳል፣ ቫሪስተሩ ጠቁሮ ወይም ተሰንጥቆ ይገኛል፣ ካፓሲተሩ ያብጣል፤ ቴሌቪዥኑም ቀይ መብራቱን እንኳ ሳያበራ ሙት ይሆናል። እንዲህ ስል ግን ለሙያዬ ታማኝ ልሁንና፣ መዋዠቅ አልፎ አልፎ ለባክላይቱ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል ሊጎዳና ተመሳሳይ ጨለማ ሊፈጥር ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ክዳኑን ከፍቶ የባክላይቱን መስመር በመልቲሜትር መለካት ነው። ኃይሉ በትክክል እየደረሰ ዘንጉ ካልበራ፣ የተበላሸው ዘንጉ ራሱ ነው፤ ይህ ደግሞ የዕቃው የጥራት ጉድለት ተብሎ ቢያዝ የሚከራከር ባለሙያ አይኖርም። የሱቁ ሠራተኛ ይህን ሳይለካ እንዴት እንዳወቀው አልገባኝም።

አደራ የምልዎት ለሰፈር ጠጋኝ እንዳያስከፍቱት ነው። ከጀርባው ቪስ ላይ የተለጠፈችው የዋስትና ስቲከር ከተቀደደች ሱቁ አራተኛ ምክንያት አገኘ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ማንም ቢሆን አይረዳዎትም። ቴሌቪዥኑን ሲያጓጉዙም ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይሂድ፤ ፓነሉ መንገድ ላይ ከተሰነጠቀ ክርክሩ ከባክላይት ወደ ስብራት ይዞራል።

ነጋዴ

እኔም ከእነዚያ ሻጮች አንዱ ስለሆንሁ በኩላችን ያለውን ልናገር፤ ይህን የማደርገው የተባለውን ሱቅ ለመከላከል አይደለም። በመሃል ከተማ ከሚሸጠው ኤሌክትሮኒክስ ብዙው ከዱባይ ገበያ በነጋዴ እጅ የሚገባ ነው። ፋብሪካው ለእንዲህ ያለው ዕቃ እዚህ መለዋወጫም ሆነ ጥገና አያቀርብልንም። ካርዱ ላይ የሚያዩት ዋስትና የሱቁ የራሱ ነው፤ ወጪውም ከሱቁ ኪስ ነው የሚወጣው። በሕጋዊ አከፋፋይ በኩል የገባው ዕቃ ግን ከሱቁ ውጪ የራሱ የጥገና ማዕከል ይኖረዋል። ለምሳሌ የቴክኖ፣ የኢንፊኒክስና የአይቴል ስልኮች ዋስትና የሚታየው በካርልኬር ማዕከላት ነው። ስለዚህ ገዢው ከመክፈሉ በፊት «ዋስትናው የማን ነው? የሚጠገነውስ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በዋጋ ላይ ያለው ልዩነት ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል።

ሌላው የምንዛሪ ነገር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በድሮ ዋጋ የሸጥነውን ዕቃ በአዲስ መተካት ከሸጥንበት ዋጋ በላይ ያስወጣል። ሻጩ «እለውጣለሁ» ለማለት የሚተናነቀው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በዚያው ልክ ገዢውም «ገንዘቤን መልስልኝ» ከማለቱ በፊት ሊያስብበት ይገባል፤ በተመለሰለት ብር ያንኑ ዕቃ ላያገኘው ይችላልና።

ለጠያቂው የምመክረው ጥገና እንዲጠይቁ ነው። የባክላይት ዘንግ መርካቶ ውስጥ የሚገኝና ከፓነል ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ አነስተኛ የሆነ ዕቃ ነው፤ ባለሱቁ ዘንጉ ብቻ መሆኑን በቪዲዮው ካየ ለመለወጥ ከሚያመነታው ይልቅ ለመጠገን እሺ ይላል። ሲጠገን ግን አንዱን ዘንግ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም እንዲቀይሩልዎ ይጠይቁ፤ አሮጌዎቹ ተራቸውን ጠብቀው መቃጠላቸው አይቀርም።

የካዛንቺስ ልጅ

በዚሁ ርዕስ ላይ የእኔንም ላክልበት። ፍሪጅ የገዛሁበት ሱቅ ካዛንቺስ ነበር፤ በ2017 አካባቢው በኮሪደር ልማቱ ሲነሣ ሱቁም ተነሣ። ለኮምፕረሰሩ የተሰጠኝ የአምስት ዓመት ዋስትና ገና አላለቀም፤ ፍሪጁ ግን ማቀዝቀዝ አቁሟል። ካርዱ ላይ ያለው ስልክ አይሠራም። ደረሰኙም ከፀሐይ ፊት ተቀምጦ ስለቆየ ጽሑፉ ሊጠፋ ደርሷል። ወደ ማን ልሂድ?

ጠበቃ

ዋስትናውን የሰጠው ሕንጻው ሳይሆን ነጋዴው ስለሆነ ሱቁ ቦታ መቀየሩ ግዴታውን አያስቀርም። ደረሰኙ ላይ ከሁሉ በፊት መፈለግ ያለብዎት ባለ 10 አሃዙን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ብርሃንና ሙቀት ያደበዝዘዋል፤ ገና የሚነበብ ነገር ካለው አሁኑኑ በደንብ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት፤ ፎቶ ኮፒም ያስደርጉ። በዚያ ቁጥር ነጋዴው ፈቃዱን ወደ የትኛው ወረዳ እንዳዛወረ ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ በሚያቀርቡት ማመልከቻ ላይ እንዲገለጽልዎ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ደረሰኙ ጨርሶ ባይነበብ እንኳ ተስፋ አይቁረጡ። ዋጋውን የከፈሉት በባንክ ወይም በቴሌብር ከሆነ የክፍያው መረጃ አለ፤ ከሻጩ ጋር በቴሌግራም የተጻጻፉትም ካለ አይደምስሱት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ያደርጋል። በካርዱ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ከፍሪጁ ጀርባ ካለው ጋር አንድ መሆኑንም ያስተያዩ። አቤቱታ ከማቅረብዎ በፊት ግን ማቀዝቀዝ ያቆመው ከኮምፕረሰሩ ይሁን ከጋዙ ወይም ከቴርሞስታቱ በባለሙያ ይረጋገጥ፤ የአምስት ዓመቱ ዋስትና ለኮምፕረሰሩ ብቻ የተሰጠ ከሆነ ለሌላው ክፍል አይሠራም።

ጠያቂ (አራት ኪሎ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በባትሪ የሚደረገውን ሙከራ ትናንት ማታ አድርጌዋለሁ፤ የሜኑው ጽሑፍ ደብዝዞ፣ ግን በግልጽ ሊነበብ በሚችል ሁኔታ ታይቷል፤ ቀርጬዋለሁ። አሁን ደብዳቤውን እየጻፍኩ ነው። የቀረችኝ ጥያቄ አንዲት ናት፦ ከሱቁ በር በላይ የተሰቀለው ስምና በደረሰኙ ራስ ላይ የታተመው ስም የተለያዩ ናቸው። ደብዳቤውን ለየትኛው ላድርገው?

ጠበቃ

በደረሰኙ ራስ ላይ ላለው ስም ያድርጉት፤ ዕቃውን የሸጠልዎት እርሱ ነውና። የመለያ ቁጥሩንም ከስሙ ሥር ይጻፉ፤ በበሩ ላይ ያለውን ስም «በዚህ ስም በሚታወቀው መደብር» ብለው በአድራሻው ላይ ማከል ይችላሉ። በጥያቄዎ ውስጥ ዋስትናው በሚያዘው መሠረት ያለ ክፍያ እንዲጠገንልዎ፣ ይህ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተፈጸመ ደግሞ እንዲለወጥልዎ በቅደም ተከተል ያስፍሩ፤ ቀነ ገደቡን በቀንና በወር ይግለጹት እንጂ «በአስቸኳይ» ብለው አይተዉት። ቪዲዮውን በፍላሽ አድርገው ከደብዳቤው ጋር ሲያያይዙ ዋናውን ቅጂ በስልክዎ ላይ እንዳለ ያቆዩት።